ፈረሱ ሳይበላ

ባለፈው የገና ዋዜማ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ የጋሪ ፈረስ ዳቦዬን ነጠቀኝ። መጀመሪያ ትኩስ ትንፋሽ አንገቴን ነካኝ። ዘወር ስል ፌስታሉ ተቀዷል፤ ድፎው አንድ ጥጉን አጥቷል፤ ፈረሱ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያላምጣል።

ባለ ጋሪው ደንግጦ ወረደ። "ይቅርታ እህቴ፣ ይኼ ሌባ ዳቦ ካየ አያስቀምጠኝም።"

እኔ ግን የተናደድኩት ለዳቦው አልነበረም። "ሲፈልግ ይበላል ማለት ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ይኼው! ሲፈልግ ይበላል!"

ሰውየው ጤንነቴን ተጠራጠረ መሰለኝ፣ ልጓሙን ይዞ ወደኋላ ሸሸ። እኔም የተረፈውን ዳቦ አቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። የፈረስ ላብና የኮባ ቅጠል ሽታ ተቀላቅሎ እስከ ቤቴ ተከተለኝ። በዚያ ሽታ ውስጥ አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት፣ ያ የተረገመ ገና፣ ከነሙሉ ንዴቱ ተመልሶ መጣ።

ቤታችን ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነበር። አባቴ፣ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ሙሉ፣ እኔ፣ ደግሞም የአባቴ አባት አባባ አንለይ እዚያ እንኖራለን። ከእኛ ሌላ ዳማ አለ። ዳማ ፈረስ ነው፤ በአባባ አቆጣጠር ግን ከሁላችንም ይቀድማል። አባባ በጉልምስናቸው በጥር ጊዮርጊስ ሜዳው ላይ ዳማን ሲያስጋልቡት ሰው ሥራውን ትቶ ያያቸው ነበር ይባላል። እኔ ሳውቃቸው ግን የአባባ ግራ ዓይን ጨልሟል፣ ቀኙም እየደከመ ነበር፤ የዳማም ጀርባ ጎብጧል፣ የፊት ጥርሶቹም አልቀዋል። ጎረቤቱ ሁሉ የግጦሽ መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ሲያከስል እኛ ብቻ አንድ ቁራጭ ሜዳ ለዳማ ትተን ቀርተናል። አባባ ዳማን የሚያባብሉት በአገውኛ ነው። እኛን የሚቆጡን ደግሞ በአማርኛ። ስለዚህ ደግ ደጉ ቃል በአገውኛ ለፈረሱ፣ ቁጣው በአማርኛ ለእኛ የተከፋፈለ ይመስለኝ ነበር።

የቤታችን የገና ደንብ ይህ ነው፦ አርባ ሦስቱ ቀን ተጾሞ፣ ተቀድሶ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዳቦው ይቆረሳል። የመጀመሪያው ቁራሽ ለዳማ ነው። ዳማ ያን ቁራሽ በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ሰው የሚባል ነገር አንድ ፍርፋሪ በአፉ አያደርግም። ሕፃን አይልም፣ እንግዳ አይልም። የዶሮ ወጡ ሽታ ቤቱን ሞልቶት እኛ ምራቃችንን እየዋጥን መደብ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን።

አባባ ቁራሹን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጋጣ ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። አንዳንድ ዓመት ቶሎ ይወጣሉ፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ እኛ ራሳችንን ልንስት ጥቂት እስኪቀረን ይቆያሉ። "በላ ወይ?" ይላል ሙሉ። "ገና ነው" ትላለች እናቴ። "አሁንስ?" "ገና!" በዓሉን ገና ያሉት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምን ነበር። በመጨረሻ አባባ ጢማቸውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ እያደረጉ ብቅ ይላሉ። "በልቷል፤ ተመስገን" ይላሉ። ጢም መጥረጉንም የጸሎቱ ማሳረጊያ አድርጌ ወስጄው ነበር። እንዲያውም እኔም ከጸሎት በኋላ አገጬን እጠርግ ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ መምህራችን ቲቸር ሰብለ አንድ ጣጣ አመጣችብኝ። "የቤታችሁን የበዓል ልማድ ምክንያቱን ጠይቁ" አለች። "ከዚያ ለአንደኛ ክፍል ልጆች የሚሆን ተረት አድርጋችሁ ጻፉት። ጥሩው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።"

እኔ ደግሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ እወድ ነበር። ደብተሬን ይዤ መጀመሪያ አባቴን ያዝኩት። ከከሰሉ ሥራ ተመልሶ ፊቱን እየታጠበ ነው።

"አባ፣ ፈረሱ ለምንድን ነው ቀድሞ የሚበላው?"

"ጌታ የተወለደው በበረት አይደል? እንስሳት ናቸው ቀድመው ያዩት።"

"ፈረስም ነበረ?"

አሰበ። "ላምና አህያ ነው የሚባለው።"

"ታዲያ ለምን ለአህያችን አንሰጣትም?"

"ሂጂ እናትሽን ጠይቂ" አለኝ፤ ፊቱን እንደገና በሳሙና ሸፈነ።

እናቴ ለጠላ ጌሾ ትወቅጣለች። ስሟ አለም ነው። የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች፤ የንስሐ አባቷ ጾሙን ቢያቀሉላትም "አማቴ እየጾሙ እኔ ልብላ?" ብላ እስከ መጨረሻው ይዛዋለች። ጥያቄዬን ስትሰማ ዘነዘናውን አላቆመችም።

"የእኔን አንጀት ለማድረቅ ነው። ጻፊው።"

አልጻፍኩትም። አባባ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አባቴ ያደርገው ስለነበር ነዋ" አሉ።

"እሳቸውስ ለምን ያደርጉት ነበር?"

በዱላቸው ማዶ ወዳለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አመለከቱ። "እዚያ ተኝቷል። ሄደሽ ጠይቂው።"

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ቤት ነው ያደግሁት። ሁሉም ሰው ይራባል፤ ለምን እንደሚራብ የሚያውቅ ግን የለም።

የገና ዕለት ጠዋት የአባባ ጉልበት አብጦ ከመደቡ መነሣት አቃታቸው። አባቴ በግ እያረደ ስለነበር እጁ ደም ነው፤ ደም ደግሞ ፈረስ ያስበረግጋል። አባባ ዙሪያውን አማተሩና ሳይወዱ "አለም፣ ዘንድሮ አንቺው ስጪው" አሉ። እናቴ ቁራሹን በነጠላዋ ሸፍና ገባች። እኔም ለተረቴ ብዬ ደብተሬን ይዤ ተከተልኳት።

ዳማ ቁራሹን አሸተተና ፊቱን አዞረ።

"ብላ የኔ ጌታ" አለች እናቴ። በሌላው በኩል ዞራ አፉ ላይ አስጠጋችለት። ዳማ በሌላው በኩል ዞረ። ጨው ነሰነሰችበት፤ ጨውን ልሶ ዳቦውን ተወው። ውሃ ውስጥ ነክራ ሰጠችው፤ በአፍንጫው እፍ ብሎ ቀሚሷን በፍርፋሪ ሸፈነው። በአገውኛ ለመነችው። እሷ የዳንግላ ልጅ ናት፤ አገውኛዋ ከገበያ ንግግር አያልፍም። ዳማም ያልገባው መስሎ ቆመ።

ከውጭ የአባባ ድምፅ መጣ። "አለም! በላ ወይ?"

"ገና ነው አባባ!"

የሙሉ ለቅሶም መጣ። እኔ እያንዳንዱን ነገር እጽፋለሁ። ፀሐይዋ የጋጣውን በር አልፋ ጭዱ ላይ ደርሳለች። እናቴ አንድ እጇን ምሰሶው ላይ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆመች። ላብ ከግንባሯ ይወርዳል። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

"በላ ወይ?"

"ገና!"

ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ትከሻዋ ላይ ያለው ነጠላ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"እማ?"

ዞረች። ጉንጯ ሞልቷል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ማላመጧን አላቆመችም። ዋጠችና የቀረውን ጨመረች፤ እሱንም ዋጠችው። ከዚያ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ አራግፋ ግርግሙ ውስጥ በተነችው።

"ምን ያፈጥጥሻል?" አለችኝ። ወደ በሩ ሄደችና ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "በልቷል አባባ!" አለች።

"ተመስገን!" አሉ አባባ ከቤት ውስጥ።

ሁሉም በላ። እኔም በላሁ፤ ግን እየተናደድኩ ነው የበላሁት። ለዳማ ተቆርቁሬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር የቆጨኝ እዚያው አጠገቧ በረሃብ ቆሜ ለእኔ አንድ ጉርሻ እንኳ አለመስጠቷ ነው።

ተረቴን በንዴት ጻፍኩት። ርዕሱ "የፈረሱን ዳቦ የበላችው እናት" ነበር። አንድ ጥርሱ ያለቀ አሮጌ ፈረስ ነበረ፤ በገና ቀን አንድ ቁራሽ ዳቦ ይጠብቅ ነበር፤ አንዲት ሴት ደበቀችና በላችበት። ፈረሱ አለቀሰ። በማግስቱ ሴትዮዋ ስትነሣ የፈረስ ጭራ በቅሎባት አገኘችው፤ እስከ ዛሬም በቀሚሷ ሥር ደብቃው ትኖራለች። እናቴ እንዳትታወቅ ተጠንቅቄያለሁ፤ "አለም" የሚለውን ስም "አለሚቱ" አድርጌ ለውጬዋለሁ።

ቲቸር ሰብለ እያነበበች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ግድግዳው ላይ ከሁሉም በላይ ለጠፈችው። የአንደኛ ክፍል ልጆች በየዕረፍቱ እየመጡ "ጭራውን አንብቢልን" ይሉኛል። ሙሉ ገና ትምህርት ባይጀምርም ቤት ውስጥ ደጋግሜ ስላነበብኩለት ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያዘው። ያ የሁለት ሳምንት ክብሬ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ እናቴ ከምንጭ ስትመለስ እንስራዋን አስቀምጣ ግራ ተጋብታ ቆመች። "የሰፈሩ ልጆች ምን ነክቷቸዋል?" አለች። "ከኋላ ከኋላዬ እየተከተሉ መቀመጫዬን ያያሉ።"

ደብተሬ ውስጥ ራሴን ቀበርኩ።

እሑድ ደግሞ አባባ ከሰንበቴ ሲመለሱ ዱላቸውን ደጃፉ ላይ በኃይል ተከሉት። ማኅበርተኞቻቸው "አንለይ፣ ዘንድሮ ፈረስህን ተክቶ የበላልህ ሰው አለ አሉ" ብለው ስቀውባቸዋል። መደቡ ላይ ተቀመጡና ጠሩኝ።

"የጻፍሽውን አምጪና አንብቢ።"

እናቴም አባቴም ቆመው ይሰማሉ። ማንበብ ጀመርኩ። ዳቦውን የበላችበት ቦታ ስደርስ፣ አባባ ወረቀቱን አያዩትም ብዬ አንድ መስመር ዘለልኩ።

"ዘለለች!" ብሎ ጮኸ ሙሉ። "'አለሚቱ ጀርባዋን ሰጥታ ጎረሰችው' የሚለውን ዘለለች! ከዚያ ነው ጭራው!"

ይህ ልጅ ዛሬም ድረስ እንዲህ ነው።

 አባባ ፊታቸውን ወደ እናቴ አዞሩ። "እውነት ነው?"

"ጭራው ውሸት ነው" አለች እናቴ። "ሌላው እውነት ነው። ርቦኝ ነበር።"

 የአባባ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ከዚያ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ከእጅሽ አልበላም" አሉ።

በሳቸውና በእናቴ መካከል ከዚህ የከፋ ቃል ሊነገር አይችልም። አባቴ "ኧረ አባቴ" አለ፤ ወደ እናቴ ዞሮ ደግሞ "አንቺም ምናለበት" አለ፤ በሁለቱም በኩል ሰሚ ሲያጣ ወደ ከሰሉ ሄደ። እናቴ በየቀኑ ምሳውን ሠርታ በሰሐን ታቀርባለች፤ አባባ ሰሐኑን በዱላቸው ጫፍ ገፋ ያደርጉና ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ ያወጣሉ። ጥርስ የላቸውም። ቆሎውን በአፋቸው ይዘው እስኪርስ ይጠብቃሉ። አሥር ቀን እንዲህ አለፈ። አንገታቸው ቀጠነ፤ ሳል ያዛቸው። እናቴ ምግቡን ስትመልስ ከንፈሯን ነክሳ ነው። እኔን አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ጸጉሬን ስትሠራኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ ያየሽውን ሁሉ መጻፍሽ ደግ ነው" አለችኝ። "ግን የጠየቅሽኝ ነገር የለም። ለምን በላሽ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።" እውነቷን ነው። ሁሉንም ሰው ስለ ፈረሱ ጠይቄያለሁ፤ እሷን ስለ ራሷ አልጠየቅኋትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሰሐኑ ሳይነካ ሲመለስ ልብሷን በነጠላ ቋጠረች።

"ዳንግላ እናቴ አለችኝ" አለች። "የሚበላ ሰው ላብላ።"

አባቴ እስከ በሩ ተከትሎ ለመናት። እሷ ሙሉን አዘለችና እኔን በእጄ ይዛ ቁልቁል ወደ መንገዱ ወረደች። አባባ ቀና ብለውም አላዩንም። ሚኒባሱ ሲመጣ ረዳቱ "ዳንግላ! ዳንግላ!" እያለ ገፍቶ አስገባን። በሩ ሊዘጋ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ማየት ጀመረ።

ዳማ መንገዱ መሐል ቆሟል። ኮርቻ የለውም። ጀርባው ላይ አባባ ያበጠ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጋማውን ጨብጠው ተቀምጠዋል። አባቴ ከኋላ እያለከለከ ይሮጣል። ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። ዳማ ንቅንቅ አላለም።

"አለም! ውረጂ!" አሉ አባባ።

እናቴ አንገቷን በመስኮት አወጣች። "አልወርድም አባባ! ይመለሱ፣ ይወድቃሉ!"

"እኔም እበላዋለሁ!"

"ምኑን?"

"ዳቦውን!"

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ክላክሱም ቆመ።

"ዳማ ዳቦ በልቶ አያውቅም!" አሉ አባባ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። "እኔ ነኝ የምበላው። በየዓመቱ፤ በር ዘግቼ። አባቴም እንደዚሁ ነበር፤ ልጅ ሆኜ በቀዳዳ አይቼዋለሁ። አባወራ ከልጆቹ ቀድሞ ቢጎርስ ነውር ነው። ሲርበው ምን ያድርግ? ፈረሱ ይብላ ይላል።"

 እኔ ያ ሁሉ ጢም መጥረግ ወዲያው ገባኝ፤ ፊቴን እሳት ለበለበኝ። ስንት ገና! ስንት ገና እኛ መደብ ላይ ተደርድረን!

"አሥራ አንድ ዓመት!" አለች እናቴ። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንጀቴን አጥፌ ደጅ ስጠብቅ! ታዲያ ራስዎ እየበሉ አሥር ቀን ፊት የነሱኝ ምን አድርጌ ነው?"

አባባ አንገታቸውን ደፉ። "ልጅቷ ስታነብብሽ እኔን ያነበበችኝ መሰለኝ" አሉ። "አፈርኩ።"

አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ፣ "ውረጂ ልጄ፣ ሽማግሌ ተናዘዘልሽ" አሉ። ከኋላ ያለች ቅርጫት የያዘች ሴት ደግሞ "እንዳትወርጂ!" አለች። ረዳቱ ተማረረ። "ወይ እሷ ትውረድ፣ ወይ ፈረሱ ይሳፈር፤ እኛ ሥራ አለብን!"

 እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ዳንግላ ደርሼ እመለሳለሁ" አለች። "እስከዚያ ዳማ ያብላዎት።"

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። አባባ አልሳቁም። ግን ጋማውን ሳብ አድርገው ዳማን ወደ ዳር አወጡልን።

ዳንግላ ሰባት ቀን ቆየን። እናቴ እናቷ ቤት ብዙውን ቀን ተኛች፤ ስትነቃ ይቀርብላታል፣ ከሁሉ ቀድማ ትበላለች፣ ማንም ምንም አይልም። በስምንተኛው ቀን ስንመለስ ቤታችን የተቃጠለ ሽሮ ይሸታል። አባቴ ድስቱን በአሸዋ እየፈተገ ነበር። እናቴ ምንም ሳትናገር ምሳ ሠራችና ሰሐኑን ይዛ አባባ ፊት ቆመች። አባባ እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን ሰሐኑን አልተቀበሉም። በዳበሳ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እሷ አነሱት።

"ቅደሚ" አሉ።

ጎረሰች። ከዚያ በሉ።

እኔ ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። በማግስቱ አባባ ደብተሬን ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ።

"ተረቱን አስተካክይው። ጭራውን ከእሷ ላይ አንሺላት።"

"ያለ ጭራማ ልጆቹ አይወዱትም አባባ።"

"እንግዲያው ለእኔ አድርጊልኝ። ሽማግሌው በላው በይ። ስሜንም ጻፊው። አንለይ ብለሽ፣ አንሊቱ ብለሽ አይደለም።"

ተረቱን በእስክሪብቶ ነበር የጻፍኩት፤ እንደ አዲስ ገለበጥኩት። አነበብኩላቸው። አባታቸው እንዲገቡ ፈለጉ፤ እንደገና ገለበጥኩት። ሴትዮዋ እርጉዝ መሆኗ አልተባለም አሉ፤ እሱንም ጨምሬ ለሦስተኛ ጊዜ ገለበጥኩት። ጣቴ አብጧል። ሙሉ ደግሞ ከጎኔ ተቀምጦ ሥርዓተ ነጥቤን ሳይቀር ያርማል፤ ማንበብ እንኳ አይችልም። ቲቸር ሰብለ በማግስቱ አዲሱን ልትለጥፍ እየጠበቀችኝ ነው። ጨርሼ አነበብኩላቸው።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ደግ ነው። አንድ ነገር ብቻ። 'ጥርሱ ያለቀ አሮጌ ፈረስ' የሚለውን አጥፊው።"

"እውነት እኮ ነው አባባ። ጥርስ የለውም።"

"እውነት ነው" አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ግን ጋጣው ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየው። ስታነቢ ይሰማል።"

ለአራተኛ ጊዜ መገልበጥ አልቻልኩም። ተረቱን ወደ ጎን አደረግሁና በእስክሪብቶው የደብተሬን ሽፋን፣ ድምፁ እንዲሰማቸው አድርጌ፣ ጫር ጫር ጫር አደረግሁት።

"ጠፋ?" አሉኝ።

"ጠፋ፣ አባባ" አልኳቸው።